ወንበሩ ሥር ተኝቼ ልጄን የተጠየቅሁ ዕለት

ልጄን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌ ያገኙኝ ቤቴ ውስጥ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አይደለም። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን እሳቸው ከተቀመጡበት የመኪና ወንበር ሥር ከትቼ፣ እግሬ በመኪናው በር ወደ ውጭ ተዘርግቶ ነው። ይህን ነገር በከተማችን በሲቀላ ሰፈር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰው ሲያወራው ግን እየጨመረበት ሄደ፣ መጨረሻ ላይ መሳቂያ አደረጉት። እኔ አብሬ መሳቅ አልቻልኩም። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ አጻጻፌም እንደ ንግግሬ ነው። ማቃናት የሚፈልግ ያቃናው።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሲቀላ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ነበረችኝ። ጋራዥ ስል የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ማለቴ ነው። ሥራዬ ከላንቴና ከጫኖ ሙዝ የሚጭኑ የጭነት መኪናዎች ነበሩ። ባሌስትራ ሲሰበር፣ ፍሬን ሲያልቅ ወደ እኔ ይመጣሉ። ቤቴ ደግሞ ከዳገቱ በላይ ባለው ሰፈር ነው፣ ሴቻ። ጠዋት ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ማታ ዳገቱን እያለከለክሁ እወጣለሁ።

የመጀመሪያ ልጄ ጫኖ አስተማሪ ነበረች። እዚያው የሚያስተምር አንድ ልጅ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። የኦቾሎ ልጅ ነው፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ካለው ተራራ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሚስቴ ነው፤ አባት በቀጥታ አይነገረውም። እሁድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌ እንደሚልኩ ለሚስቴ ተነገራት፣ እሷም ነገረችኝ። ወንድሞቼ ተጠሩ። ቤቱ ተጠረገ። በግ ታረደ።

እኔ እሁድ ጠዋት የሥራ ልብሴን ለበስኩ።

"ምን ልትሆን ነው?" አለች ሚስቴ።

"ጋራዥ ልሄድ ነው።"

"በእሁድ?"

"ያልገጠምኩት ካርቡራተር አለ።"

"እንግዲያ ካርቡራተሩን ዳረዋ" አለችኝ።

"ሲመጡ ሰው ላኪብኝ። እንደ ሙሽራ በር በሩን እያየሁ አልቀመጥም" ብያት ወጣሁ።

ለሷ ያልኳት እንደዚያ ነው። እውነቱ ሌላ ነበር። ወንድሞቼ አንደበታቸው የተፈታ ነው፣ ሰው ፊት ሲናገሩ ያምርባቸዋል። እኔ ሽማግሌ ፊት ስቀመጥ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። እጄን አጥቤው አይነጣም፤ የግራሶው ጥቁረት ጥፍሬ ሥር ገብቶ ቀርቷል። የመጡት ሰዎች እጄን እያዩ፣ እኔ ቃል እየጠፋኝ ስቀመጥ ታየኝና ሸሸሁ። ግትርነት መስሎ የታየው ሽሽት ነበር።

ጋራዡን ከፍቼ ብዙም አልቆየሁም። አንዲት ሰማያዊ መኪና እየተንፏቀቀች ገባች። ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ የሾለ የስፖርት መኪና ናት። ያረጀች ብትሆንም አዲስ አበባ ብትሆን ሰው ዞር ብሎ ያያታል። እዚህ ግን ከሶዶ ጀምሮ የጠጣችው አቧራ ሰማያዊነቷን ከግማሽ በላይ ወስዶታል። የሚነዳት ወጣት ነጋዴ የሚመስል፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው። ከኋላ ወንበር አስቀድመው የወረዱ አንድ ቀጭን ሽማግሌ በእግራቸው እየተከተሏት መጡ።

ፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ፣ አንድ ግዙፍ ሰው ተቀምጠዋል። ተቀምጠዋል ልበል እንጂ ተጠቅጥቀዋል ነው። ወንበሩ ወደ ፊት ተገፍቶ፣ ጉልበታቸው ዳሽቦርዱ ሥር ተሰክቶ፣ ሆዳቸው ተጣብቆ፣ አገጫቸው ወደ መስተዋቱ ቀርቧል። ነጭ ጋቢያቸው አንገታቸው ላይ ተጠቅልሏል። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ለጭንቅላታቸው የሚሆን ቦታ አልነበረም።

"ፋዘር፣ ቶሎ በልልን፣ ቀጠሮ አለን" አለኝ ሾፌሩ።

"ፋዘርህ እኔ ብሆን ይቺን አትገዛም ነበር" አልኩት። "ምን ሆና ነው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናዋ ወንበር በእጅ አይገፋም፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ከጎኑ በጣት የምትጫን ትንሽ ቁልፍ፣ መጫኛ፣ አለች። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንዲወርድ የፊቱ ወንበር ወደ ፊት መሄድ አለበት። እዚህ ሲቀላ ሲደርሱ ቀጭኑ ሽማግሌ ጫማዬን ልጥረግ ብለው አስቆሙት። ልጁ ትልቁን ሰው ከወንበሩ ሳያስነሣ መጫኛዋን ተጫናት። ወንበሩም ሰውዬውን እንደተሸከመ ወደ ፊት ሄደ፣ ግርር አለ፣ ተጣመመና ቆመ። ከዚያ በኋላ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እምቢ አለ።

"እንዴት ገቡባት ግን?" አልኳቸው ትልቁን ሰው፣ በጋሞኛ።

"ስገባ ሰፊ ነበረች" አሉ፣ ድምፃቸው እርጋታ አለው። "ከኋላዬ የገፋኝ ወንበሩ ነው።"

ቀጭኑ ሽማግሌ ማንጎው ጥላ ሥር ሆነው፣ "ከተራራው እስከ ላንቴ በእግራቸው ነው የወረዱት፤ እዚያ ይህ የአዲስ አበባ ዘመዳችን አሳፈረን። ገደሉ ያልያዛቸውን ሰውዬ ወንበር ያዛቸው" አሉና ሳቁ።

ያኔ ማሰብ ነበረብኝ። ከላንቴ በላይ ካለው ተራራ በእሁድ ቀን ነጭ ለብሰው የሚመጡ ሽማግሌዎች ለምን እንደሚመጡ ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን የምጠብቃቸው ሰዎች በአሳቤ ከሰዓት በኋላ፣ በእግራቸው፣ ጃንጥላ ይዘው የሚመጡ ናቸው። ሽማግሌ በስፖርት መኪና ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ኃይሉን አየሁ፣ ፊውዙ ደህና ነው። መጫኛዋን ስነካት ከወንበሩ ሥር ዲናሞው ያቃስታል፣ ወንበሩ ግን አይንቀሳቀስም። እንዲህ ያለ ወንበር ከዚያ በፊት በእጄ ነክቼ አላውቅም። ለልጁ ግን አልነገርኩትም። "ቀላል ነው" አልኩት። ጆንያ አነጠፍኩ፣ ወንበሩ ወደ ፊት በመሄዱ ከኋላው በተከፈተው ቦታ ጭንቅላቴንና ትከሻዬን አስገባሁ፣ ባትሪ አበራሁ። ከፊቴ የሰውዬው ተረከዝ ይታየኛል። ከላዬ የሰውዬው ክብደት ስፕሪንጉን ሲያስጮኸው እሰማለሁ።

"ልጄ፣ እግሬ ሥር እኮ..." አሉ ከላይ።

"አባቴ፣ ከዚህ ላውጣዎት ከፈለጉ ዝም ይበሉልኝ። ሆድዎን ደግሞ ሳብ ያድርጉት፣ ወንበሩን ተጭኖታል።"

"ሆዴ የሚሳብ ቢሆን እኔው ስቤው ወጥቼ ነበር።"

ቀጭኑ ሽማግሌ ሳቁ፣ ሾፌሩም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሰው ሥራዬ ላይ ሲስቅ ደም ይፈላብኛል። እዚያው ሥር ሆኜ ማጉረምረም ጀመርኩ፤ የማጉረመርመው ደግሞ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ነው። በዚህ ዕድሜ ከጎረምሳ ጋር በመጫወቻ መኪና መዞር ምን የሚሉት ነው አልኩ። ይህን ያህል ገላ ይዞ ሰው በጭነት መኪና ነው የሚሄደው አልኩ። "ለመሆኑ ለቅሶ ነው ወይስ ሠርግ የምትሄዱት?" ብዬም ጠየቅሁ።

"የሰው ጉዳይ ነው" አሉ በአጭሩ።

"የሰው ጉዳይ በእግር ነው የሚኬደው።"

"እሱስ እውነትህን ነው" አሉ። አልተቆጡም።

ዲናሞው በሁለት በኩል ቀጭን ገመድ ያዞራል፤ ገመዶቹ ደግሞ በግራና በቀኝ ሐዲዱ ላይ ያለውን ረጅም ጥርስ ያለው ብሎን ያዞራሉ። ወንበሩ የሚሄደው በዚያ ነው። ይህን እያየሁ ነው የተማርኩት። የግራው በኩል ወደ ፊት ሄዷል። የቀኙን የያዘው ነገር አለ። ባትሪውን ጠጋ ሳደርግ እንጨት አየሁ። በአቧራ የተሸፈነ ጠቆር ያለ እንጨት፣ በወንበሩ ብረትና በመኪናው ወለል እብጠት መካከል አግድም ተሰክቶ ወንበሩን ቀስፎ ይዞታል።

"ይህን እንጨት እዚህ የሸጎጠው የትኛው ቀጣፊ ነው?" አልኩ። የአዲስ አበባ መካኒክ ሽብልቅ ያደረገው መሰለኝ። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ የላላ ወንበር በእንጨት የሚያስይዙ አሉ።

"እሱን እኮ ልነግርህ ነው..." አሉ ሰውዬው።

"አይንገሩኝ፣ አይቼዋለሁ።"

እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ የብረት መጋዙን አቀብለኝ አልኩት ልጁን። አቀበለኝ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ በጣቶቼ ነበር የምገዘግዘው። እንጨቱ ጠንካራ ነው። ብናኙ ዓይኔና አፌ ውስጥ ይገባል። "እንዲህ ያለ እንጨት ለሽብልቅ ማባከን!" አልኩ እየተፋሁ።  ከፊቴ የሰውዬው ተረከዝ አልተነቃነቀም። እንጨቱ ቀጭ ብሎ ተቆረጠ። መጀመሪያ አጭሩን ቁራጭ ሳብኩት። ጫፉ ላይ ብረት ተገጥሞለታል፤ ብረቱ በተራራ ድንጋይ አልቆ አንድ ጎኑ ሰስቷል። ከዚያ ረጅሙን ሳብኩት። ከእጅ መያዣው እስከ ታች በሰው መዳፍ የለሰለሰ፣ ቅባት የጠጣ፣ የሚያብረቀርቅ ነው።

የሽማግሌ ዱላ ነበር።

እኛ ዘንድ ልጆች የሽማግሌ ዱላ ሲረግጡ እናቶቻቸው ይቆጧቸዋል። ሽማግሌ ጉባኤ ላይ ሲናገር ዱላውን ይዞ ነው፤ ሲያስታርቅ ዱላውን ይዞ ነው። ሰው ሲሞት ዱላው ለታላቅ ልጁ ይሰጣል። ወንበሩ ሲሄድ ሥሩ የተጋደመውን ዱላ ቀስፎት ኖሯል፤ እኔ ደግሞ በብረት መጋዝ ቆርጬዋለሁ፣ ያውም ባለቤቱ ከላዬ ተቀምጠው፣ ሁለት ጊዜ ሊነግሩኝ ሞክረው አፋቸውን እያስያዝኳቸው።

ከወንበሩ ሥር ወጣሁ። ሁለቱን ቁራጭ እንደያዝኩ ቆምኩ። ቀጭኑ ሽማግሌ ከዛፉ ሥር መጥተው አዩና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ሾፌሩ መነጽሩን አወለቀ።

ትልቁ ሰው እጃቸውን በጠባቡ ቦታ እንደምንም አውጥተው ቁራጮቹን ተቀበሉኝ። "የአባቴ ነው" አሉ።  ጋቢያቸው ላይ ጎን ለጎን አኖሯቸው።

ቢሰድቡኝ እወድ ነበር። ቢሰድቡኝ መልስ አለኝ፣ ሲሰድቡኝ የምለውን አውቃለሁ። ዝም ሲሉኝ ግን ፊታቸውን የማይበት ዓይን አጣሁ። ስለዚህ ምን አደረግሁ? ተመልሼ ወንበሩ ሥር ገባሁ። ሥራው አላለቀም፤ የቀኙ ገመድ ከቦታው ወጥቷል፣ ሐዲዱም በአሸዋ ታፍኗል። ግን የገባሁት ለሥራው ብቻ አይደለም።

ሚስቴ የመጣችው ይኼኔ ነው። የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሴቻ ዳገት ድረስ በንዴት ወርዳ። ከእኔ የሚታያት እግሬ ብቻ ነበር፤ ለእግሬ ነው የተናገረችው።

"አንተ ሰውዬ! ወንድሞችህ ቤት ሞልተው ተቀምጠዋል። የልጅቷ ጠያቂዎች አሁን ይደርሳሉ። አንተ እዚህ የሰው መኪና ሥር ተኝተሃል።"

እኔ ደግሞ በሆነው ነገር ተቃጥያለሁ፤ የማገኘው ሰው ላይ መውረድ ፈልጌያለሁ። "ይምጡ!" አልኩ ከሥር። "እኔ እስክመጣ በር ላይ ይቁሙ። የኦቾሎ ሰው መቆም ያውቃል፣ ከፍየሉ ጋር ሲቆም ነው ያደገው።"

ከላይ ስፕሪንጉ ጮኸ። ሰውዬው አንገታቸውን ወደ ሚስቴ ሲያዞሩ ነው።

"እናቴ" አሉ፣ "ይህ ሰው የልጅቷ አባት ነው?"

"የየቷ ልጅ?" አለች ሚስቴ።

"የዚያች፣ ጫኖ የምታስተምረው።"

 ሚስቴ ጎንበስ ብላ ፊቷን ወደ እኔ አስጠጋች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

"ምን ምን ብለሃቸዋል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ብዙ ነገር" አልኳት።

ከወንበሩ ሥር ተንፏቅቄ ወጣሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ማድረግ የምችለው። እኛ ጋሞዎች ሰው የበደለ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ተንበርክኮ ይለምናል። ሣር የያዘን ሰው አልሰማም ማለት አይቻልም። ቧንቧው ሥር ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታ ለምለም ሣር ነበር። ነጭቼ መጣሁ። በመኪናው በር አጠገብ ጉልበቴን ላጥፍ ስል ሰውዬው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ተው" አሉኝ። "ዛሬ ለመለመን የመጣሁት እኔ ነኝ። አንተ ቀድመህ ከተንበረከክህ እኔ የት ላይ ቆሜ ልለምን ነው?"

"ዱላዎን..."

"የዱላውን ነገር ተወው አልኩ። ዱላውን ዛሬ ካነሣኸው የልጅቷ ነገር ከሱ ጋር ይነካካል። ለዱላ ካሣ ልጅ ሰጡ ይባላል። ለልጅህም ለልጄም ጥሩ አይደለም። አሁን ከዚህ አውጣኝ። ጠያቂ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ እኔ እንዲህ ተቀምጬ አንድ ቃል አልናገርም።"

ሣሩን እጄ ውስጥ እንደያዝኩ ቀረሁ። ሳልጥለው ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሦስተኛ ጊዜ ወንበሩ ሥር ገባሁ።

የቀኙን ብሎን በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ አሸዋውን በካቻቢቴ ጫፍ ፋቅሁት፣ በፒንሳ ይዤ በእጄ አዞርኩት። በአንድ ዙር ወንበሩ የጥፍር ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። እጄ እየተላጠ አዞርኩ።  ሚስቴ እዚያው ቆማለች፣ ለመሄድም ለመቆየትም አልሆነላትም። ቀኙ ከግራው ጋር ሲስተካከል ገመዱን መለስኩት፣ ልጁን በቀስታ ተጫናት አልኩት። ወንበሩ ሰውዬውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ከላይ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

እግራቸው ደንዝዞ ነበር። ከመኪናው ሲወጡ ከልማድ እጃቸውን ወደ ዱላቸው ሰደዱ። ዱላው ሁለት ቦታ ነው። ትከሻዬን አቀረብኩላቸው፤ ሌላ ምን ላቅርብ? ተደገፉኝ። ነጩ ጋቢያቸው ላይ የትከሻዬ ግራሶ ታተመ። አዩት፣ አጠፍ አድርገው ወደ ውስጥ መለሱት።

"አሁን እናንተ ቅደሙ" አሉን። "እኛ ዞር ዞር ብለን እንመጣለን። እዚህ አልተገናኘንም።"

እኔና ሚስቴ ወደ ሴቻ የሚወጣ መኪና ላይ ተንጠልጥለን ቤት ደረስን። ታጠብኩ፣ ለበስኩ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ጓዳ ገብታ የሆነውን ለእህቴ ነገረቻት፣ እህቴ ለታላቅ ወንድሜ። ወንድሜ ጠጋ አለኝ።

"ዱላቸውን ቆርጠህ ነው እንግዲህ እዚህ የምትቀመጠው?" አለኝ በጆሮዬ። "ዛሬውኑ እሺ በላቸው። በየትኛው ፊትህ ነው የምትመልሳቸው?"

የሱም ነገር ልክ ነበር። ግን በኛ ቤት ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም። የወንድሞቼ ሴቶች ልጆች ሁሉ ሽማግሌ ተመላልሶ ነው የተሰጡት። የሚመላለሱት ልጅቷ እንደምትፈለግ እንዲታይ ነው። የኔን ልጅ በአንድ ቀን እሺ ካልኩ፣ የጋራዡ ነገር ነገ ገበያ ሲደርስ፣ ሰውዬው እንዳሉት የዱላ ካሣ ትባላለች። ትዳሯ በሙሉ ይህ ስም ይከተላታል። ተመለሱ ካልኩ ደግሞ፣ እኒያን ሽማግሌ ዱላቸውን ቆርጬ፣ በባዶ እጃቸው ተራራ አስወጥቼ፣ ሌላ ቀን ደግሞ እንዲወርዱ ማዘዜ ነው። ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ጥላዋን አየዋለሁ።

መጡ። ትልቁ ሰው በር ላይ ቆሙ። ግቡ ተባሉ፣ ገቡ። ተቀመጡ ተባሉ፣ አልተቀመጡም። ግድግዳውን በአንድ እጃቸው ይዘው ተናገሩ። የማን ልጅ፣ የየትኛው ጎሣ፣ የየትኛው ቀበሌ እንደሆኑ ተናገሩ። ልጅ ልንሆናችሁ መጥተናል አሉ። ያማረ ንግግር ነበር፤ ከሰዓት በፊት ምንም እንዳልሰሙኝ፣ ምንም እንዳልሆነ አድርገው ተናገሩት። ፊታቸው ላይ አንድም ምልክት አልነበረም። እኔ ግን ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ወንበሩ ሲጨምቀው የቆየ ጉልበት ነው።

ወንድሞቼ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እጄን ጭኔ ሥር ደበቅሁ።

"ሰምተናል" አልኩ። "ዘመድ እንጠይቃለን። ሌላ ቀን ተመለሱ።"

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ የዱላውን ነገር ሰምቶ ነበርና ሁሉም መሬት መሬት አየ። ሰውዬው ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። "እንመለሳለን" አሉ። ያዘኑ ይሁኑ የተስማሙ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ደጃፋችን ላይ ያለው እርከን ከፍ ያለ ነው። ሲወርዱ እጃቸው እንደገና አየር ላይ ዱላውን ፈለገ። የልጅ አባት ጠያቂን አይሸኝም፣ ወንበሩ ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ ተነሥቼ ክንዳቸውን ያዝኩና እስከ ግቢው በር ወሰድኳቸው። ስመለስ ወንድሜ፣ "አንዱን እንኳ በወጉ አታደርግም" አለኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት መጥፎ ነበሩ። ወሬው ገበያ ገባ። ሙዝ የሚጭኑት ሾፌሮች ጋራዥ ሲመጡ፣ "ዱላ አለን፣ ትቆርጥልናለህ?" ይሉኛል። ልጄ ከጫኖ ቅዳሜ ትመጣለች፣ እቃ ታጥባለች፣ እሁድ ትሄዳለች። አንድ ቅዳሜ እግሬን ስታጥበኝ ቀና ሳትል፣ "አባባ፣ ባይመለሱስ?" አለችኝ።

"ይመለሳሉ" አልኳት። የማውቀው ነገር አልነበረም።

ጥሩ እንጨት አግኝቼ አዲስ ዱላ ልላክላቸው አሰብኩ። ሚስቴ ከለከለችኝ። "አሁን ከዚህ ቤት አንድ ነገር ከሄደ መልስ ነው። ዱላ ስትልክ ልጅቷን መላክህ ነው" አለች። እሷም ልክ ነበረች። ይቅርታ መጠየቅ አልችልም፣ ካሣ መላክ አልችልም፣ መንገድ ላይ ባገኛቸው ሰላም ማለት እንኳ አልችልም። ላንቴ የተበላሸ መኪና አለ ሲሉኝ ሌላ መካኒክ ላኩ እላለሁ።

ሙዙ ሁለተኛ ሲቆረጥ ተመለሱ። በእግራቸው ከተራራው ወርደው፣ ከላንቴ በሕዝብ መኪና። ያን ዕለት ጋራዡን አልከፈትኩም። ከጠዋት ጀምሮ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ቆመው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ እሺ አልኩ። ወንድሞቼ ተንጫጩ፣ "ሰውዬውን አስጨርሳቸው እንጂ" አሉኝ። ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ስትስቅ ሰማኋት። ስትስቅ ከሰማኋት ብዙ ጊዜ ሆኖ ነበር።

ምግቡ ተበላ፣ ተመረቀ። ሰው ሲበታተን ወደ ጓሮ ሄጄ ሣር ነጨሁ። ሰውዬውን ግቢው በር ላይ ጠበቅኳቸው። ከእንግዲህ የሚነካካ ነገር የለም፣ ልጅቷ ተሰጥታለች፣ አሁን የኔ ተራ ነው ብዬ። ሣሩን ሲያዩ ገባቸው። ክንዴን ያዙኝና ወደ መሬት እንዳልወርድ ቀጥ አድርገው አቆሙኝ። ያን ያህል ጉልበት አላቸው ብዬ አልጠረጠርኩም።

"ልጅ የሰጠ አባት ለተቀባይ አይንበረከክም" አሉኝ። "ይህን ዝም ብዬ ብቀበል ሀገር ይስቅብኛል። ያኔ ብትንበረከክ እኔ መለመን አልችልም ነበር፣ አሁን ደግሞ አንተ መንበርከክ አትችልም። እንግዲህ እንዲሁ ይቅር።"

"እንዲሁ አይቀርም" አልኳቸው።

"ምን ታደርገዋለህ?" አሉና ሳቁ። ሣሩን ከእጄ ወስደው በር ላይ ለታሰረችው የሚስቴ ፍየል አበሏት።

እንዲሁ ቀረ። ልጄ ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየሁ። ሽማግሌው ዛሬም አሉ፤ ተራራውን መውረድ ትተዋል፣ እኔ ነኝ ወደሳቸው የምወጣው። ስለ መኪናዋ አንሥተው አያውቁም። ልጆቻቸው ሲያነሡ ነገር ይቀይራሉ። ኦቾሎ ቤታቸው ስገባ በሩ አጠገብ፣ ከሁሉ በታች እቀመጣለሁ።

"ወደ ላይ ውጣ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያስቀምጥሃል?" ይሉኛል ሁልጊዜ።

"እዚህ ነፋስ አለ" እላቸዋለሁ።